የመካነ ኢየሱስ ልደት ከየት ይቆጠራል?

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ኢዮቤልዩዋን የምትቆጥረው ከጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. ጀምራ ነው። ሃምሳኛው ዓመት በ2001 ዓ.ም. ደረሰ፤ ስልሳኛው በ2011 ዓ.ም.። ሰባ አምስተኛው በ2026 ዓ.ም. ይውላል። ስትመሠረት ምእመናኗ 20 ሺህ ያህል ብቻ ነበሩ። ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። በዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን ውስጥ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በምእመናን ብዛት ትልቋ ናት።

ቀኑ ግልጽ ነው። ታሪኩን ቀረብ ብሎ ለሚያየው ግን ልደቷ አንድ ብቻ አይደለም። ምጽዋ ላይ አንድ አለ። ወለጋ፣ ቦጂ ላይ ሌላ አለ። አዲስ አበባም የራሷ አላት፤ «መካነ ኢየሱስ» የሚለው ስም መላውን ቤተ ክርስቲያን ከመጠቅለሉ በፊት የአዲስ አበባው ማኅበረ ምእመናን ስም ነበር።

እነዚህን ልደቶች ጎን ለጎን ሳያቸው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። ይህች ቤተ ክርስቲያን የጸናችው የውጭ ሚስዮናውያን በነበሩበት ጊዜ ብቻ አይደለም። ባልነበሩበት፣ በተባረሩበት ወይም መንገድ በተዘጋባቸው ጊዜ ይበልጥ ጸንታለች። የእነሱን ድካም ለማሳነስ አይደለም። ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉ፣ ማተሚያ ቤቱ የእነሱ ላብ አለበት። ወንጌሉን በሰው ቋንቋ ይዞ ከመንደር መንደር የዞረው ግን የአገር ሰው ነው። ታሪኩን የምተርከውም ከዚህ ተነሥቼ ነው። ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይነበብ።

ከሉተር ጋር የቆየ ትውውቅ

ሉተራን የሚባለው እምነት ከጀርመናዊው መነኩሴ ከማርቲን ሉተር ይነሣል። ሉተር በ1517 በዊተንበርግ ከተማ 95 የመከራከሪያ ነጥቦቹን አወጣ። ሰው የሚጸድቀው በጸጋ፣ በእምነት ነው አለ። መጽሐፍ ቅዱስ በሕዝቡ ቋንቋ ይነበብ አለ። ተከታዮቹ ጥምቀትንና ቅዱስ ቁርባንን ይዘው ቀጠሉ፤ ሕፃናትን ያጠምቃሉ፤ ቄስ አላቸው፤ ሥርዓተ አምልኮ አላቸው። መካነ ኢየሱስ ውስጥ ገብቶ የሚያመልክ ሰው ዛሬም ይህንኑ ያያል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ሉተር ራሱ ኢትዮጵያዊ ሰው አግኝቶ ነበር። በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተርና ከባልደረባው ከፊሊፕ ሜላንክቶን ጋር ስለ እምነት ተነጋገረ። ሉተር በንግግሩ ተደስቶ የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎለታል። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን፣ ጴጥሮስ ሃይሊንግ የሚባል የሉቤክ ሰው ኢትዮጵያ ገብቶ አስተማረ። ሃይሊንግ ሉተራዊ ነበር። ማኅበር ግን አላቋቋመም። ከሁለቱም የተተከለ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ትውውቁ ግን ሰዎች ከሚያስቡት በላይ የቆየ ነው።

ምጽዋ፦ ያልተሳካ ጉዞ ያፈራው

የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን በ1856 ስቶክሆልም ውስጥ ተመሠረተ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1866፣ የመጀመሪያዎቹ መልእክተኞቹ ምጽዋ ወረዱ። ሐሳባቸው ኦሮሞ ወደሚኖርበት ምድር መድረስ ነበር። አልሆነላቸውም። በምዕራብ ኤርትራ፣ በኩናማ ሕዝብ ምድር ተቀምጠው ሞከሩ፤ ወባው ጨረሳቸው፣ የተገደሉም አሉ። የቀሩት ወደ ምጽዋ ተመልሰው በአቅራቢያዋ ባለችው በእምኩሉ ትምህርት ቤትና ማተሚያ ቤት ከፈቱ።

በደጋው በሐማሴን ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ይካሄድ ነበር። በጸዓዘጋና በአካባቢው የኦርቶዶክስ ካህናት መጽሐፍ ቅዱስን እያነበቡ በየቤቱ ይወያዩ ጀመር። በ1840 ታትሞ የወጣው፣ ደብተራ አብርሃም (አቡ ሩሚ) የተረጎሙት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በእጃቸው ገብቶ ነበር። ማንም ሚስዮናዊ አልሰበሰባቸውም። ስደት ሲመጣባቸው ነው ወደ ስዊድኖቹ የወረዱት። እንግዲህ የኢትዮጵያና የኤርትራ ወንጌላውያን ታሪክ ሲጻፍ «ስዊድኖች ይዘውት መጡ» ብሎ መዝጋት ልክ አይመስለኝም። ንባቡ ቀድሟቸዋል።

እምኩሉ ውስጥ ከተሰበሰቡት ልጆች መካከል አንዱ አናሲሞስ ነሲብ ነበሩ። በ1856 አካባቢ ኢሉባቦር ውስጥ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ከእናታቸው ጉያ ተነጥቀው ለባርነት ተሸጡ። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተላለፉ ምጽዋ ደረሱ፤ በ1870 እዚያው ነፃ ወጥተው ወደ ስዊድኖቹ ትምህርት ቤት ገቡ። በ1872 በትንሣኤ በዓል ተጠመቁ። ስዊድን አገር ተልከው ለአምስት ዓመት ያህል ተማሩ። በ1881 ሲመለሱ ወዲያው ወደ አገራቸው ለመግባት በሱዳን በኩል ከሚስዮኑ ጋር ጉዞ ጀመሩ። ጉዞው ከሸፈ፤ የቡድኑ መሪ በመንገድ ሞተ። ሌላ ቡድን በ1886 እንጦጦ ድረስ ዘለቀ፤ ምኒልክ ግን አላሳለፉትም።

መንገዱ ሲዘጋ አናሲሞስ ወደ ጽሕፈት ጠረጴዛቸው ተመለሱ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ያዙ። አንድ ችግር ነበረባቸው። ከአገራቸው የወጡት ገና ሕፃን ሳሉ ነው፤ ቋንቋውን እንደ ትልቅ ሰው አልኖሩበትም። ክፍተቱን የሞላችው አስቴር ጋኖ ናት።

አስቴርም በባርነት የተጋዘች ልጅ ነበረች። ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ በጀልባ ስትወሰድ በ1886 ጣሊያኖች ጀልባውን ይዘው ነፃ አወጧት፤ እምኩሉ ገባች። ጆሮዋ ቋንቋ ያዥ፣ ብዕሯ ፈጣን ነበር። ለመዝገበ ቃላት የሚሆኑ 15 ሺህ ያህል የኦሮምኛ ቃላት አሰባስባ ጻፈች። ከልጅነቷ የምታስታውሰውን ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን በመቶዎች በወረቀት አሰፈረች። በ1894 ከአናሲሞስ ጋር የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አወጣች። አስቡት፤ አገሯ በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው፣ ቤተሰቧን አታውቅም፣ እሷ ግን ቁጭ ብላ የቤቷን ዘፈን ከአእምሮዋ እየቀዳች ትጽፋለች። በእኔ አስተያየት የዚህች ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ሥዕል የለም። የሷ ስም በኢዮቤልዩ ንግግሮች ከአናሲሞስ እኩል ሊጠራ ይገባል።

አዲስ ኪዳን በ1893 እምኩሉ ውስጥ ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ፣ ቅዱስ ክሪሾና ታተመ። ፊደሉ የግዕዝ ፊደል ነው። ሁለት በባርነት የተሸጡ ልጆች አድገው ለሚሊዮኖች ቋንቋ መጽሐፍ ሰጡ።

ቦጂ እና ነቀምቴ

የመጀመሪያው ማኅበር ግን አናሲሞስን አልጠበቀም። በ1898 ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል የሚባል የሐማሴን ካህን ምዕራብ ወለጋ፣ ቦጂ ገባ። ቤተ ሰቡንና ጓደኛውን ዳንኤል ሉሉን ይዞ ነው የሄደው። ኦርቶዶክስ ካህን ነበር፤ የአካባቢው ሰው የተቀበለውም እንደ ካህን ነው። ልዩነቱ በኦሮምኛ መስበኩ ነው። ሕዝቡ የሚሰማውን ተረዳ። በ1905 እሳት ተነሣ፤ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ሰዎችን ከቃጠሎው ሊያወጣ ሲሞክር ሞተ። ቦጂ የቆየው ሰባት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ዳንኤልና ባለቤቱ ሥራውን ቀጠሉ። በኋላ ቤተ ክርስቲያኗን የመሩት ዶክተር አማኑኤል አብርሃምና ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሁለቱም የቦጂ ልጆች ናቸው። የአንድ ሰው ሰባት ዓመት ምን እንዳፈራ ከዚህ ማየት ይቻላል።

አናሲሞስ በ1904 ከአስቴር ጋር ነቀምቴ ገቡ። የአገሩ ገዢ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞሮዳ) ተቀበሏቸው። ትምህርት ቤት ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ካህናት ከሰሷቸውና አዲስ አበባ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ። ዐፄ ምኒልክ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው፤ እንዳያስተምሩ ግን ከለከሏቸው። ለመስበክ ፈቃድ ያገኙት በ1916፣ በልጅ ኢያሱ ዘመን ነው። አሥር ዓመት ያህል በዝምታ መኖር ለእንደ እሳቸው ያለ ሰው ቀላል አይደለም። ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. ነቀምቴ ውስጥ አረፉ። አስቴር እስከ 1964 ኖራለች።

የአዲስ አበባው ጉባኤ

አዲስ አበባ ላይ ሥራውን የጀመረው ካርል ሴደርክዊስት የሚባል ስዊድናዊ ነው። በ1904 ከተማዋ ገብቶ ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1919 እስኪሞት ድረስ ከአዲስ አበባ አልራቀም። ብቸኛ ሰው ነበር ማለት ይቻላል። ከሱ በኋላ፣ በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ዘመን በሩ ሰፋ ብሎ ተከፈተ፤ ሌሎች ሚስዮናውያን መጡ፤ የወንዶችና የሴቶች ትምህርት ቤት ተሠራ። ዙሪያውን የተሰበሰቡት ሰዎች ከኤርትራ፣ ከወለጋ፣ ከሸዋ የመጡ ነበሩ። ከነሱ ነው የከተማው ማኅበረ ምእመናን ያደገው።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ወረራው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ዘለቀ። ስዊድኖቹ ተባረሩ። ትምህርት ቤቶቹ ተዘጉ። ያ ጊዜ ነው የጉባኤው ሁለተኛ ልደት የምለው። ቄስ ባዲማ ያለውና አማኑኤል ገብረ ሥላሴ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ምእመናኑን ይዘው ቆዩ። ደመወዝ የሚከፍል የለም። ከስቶክሆልም ትእዛዝ የሚልክ የለም። ማጥመቁ፣ ማቁረቡ፣ መቅበሩ፣ የተጣላ ማስታረቁ፣ ሁሉም በራሳቸው እጅ ሆነ።

ወለጋም እንዲሁ ነበር። ነጆ፣ ቦጂ፣ ነቀምቴ ውስጥ የአገር ወንጌላውያን ሥራውን ተሸከሙት። ማሞ ጮርቃ በዚያ ዘመን በቄስነት የተሾሙ ሰው ናቸው። ደምቢ ዶሎ ላይ ደግሞ ጊዳዳ ሶለን የሚባሉ ዓይነ ስውር ወንጌላዊ ነበሩ። ልጅ ሳሉ በፈንጣጣ ዓይናቸው ጠፋ። በእግራቸው እየተጓዙ ሰበኩ፤ ትምህርት ቤቶች አቋቋሙ። የደምቢ ዶሎው ጉባኤ ከሉተራን ሳይሆን ከአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን የመጣ ነው፤ በ1919 ዶክተር ቶማስ ላምቢ በሱዳን በኩል ገብቶ ነበር የጀመረው። በኋላ የቤቴል ቤተ ክርስቲያን የተባለው ይህ ጉባኤ በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደ። የቄስ ጊዳዳ ልጅ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከ1995 እስከ 2001 የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ነበሩ።

በደቡብም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ወላይታ ውስጥ ሚስዮናውያኑ ሲወጡ ሃምሳ የማይሞሉ ምእመናን ነበሩ፤ ሲመለሱ 10 ሺህ ገደማ አገኙ። ያ የሉተራን ታሪክ አይደለም፤ የቃለ ሕይወት ነው። ነገር ግን ዘመኑ አንድ፣ ምክንያቱም አንድ ነው። ጀርመኖቹ የሄርማንስቡርግ ሚስዮን ሰዎች ብቻ የጣሊያን ወዳጅ አገር ዜጎች በመሆናቸው እስከ 1941 ድረስ ወለጋ፣ ዓይራ ላይ መቆየት ችለዋል።

ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን

ነፃነት ሲመለስ ሚስዮናውያኑም ተመለሱ። ያገኙት ግን ትተውት የሄዱትን አልነበረም። ራሱን ያስተዳደረ ሕዝብ ነው። በ1944 ወንጌላውያን ከየአቅጣጫው ተሰብስበው ጉባኤ መሠረቱ። ሉተራኑም፣ ፕሬስቢቴሪያኑም፣ ሌሎቹም ነበሩበት። አንድ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን እንሁን ተባለ። ለዓመታት ተመከረበት፤ በጥምቀትና በቁርባን ትምህርት አልተግባቡም።

በዚያው በ1944 መንግሥት የሚስዮን ደንብ አወጣ። አገሪቱን «ክፍት» እና «ዝግ» ብሎ ከፈለ። ኦርቶዶክስ በብዛት ባለበት አካባቢ ሚስዮን ወንጌል እንዳይሰብክ ተከለከለ፤ የማስተማሪያ ቋንቋም አማርኛ እንዲሆን ታዘዘ። እነ አናሲሞስ የደከሙበት የኦሮምኛ ሥራ በዚህ ተጎዳ። ይህን ማለፍ አይገባም።

አዳዲስ ሚስዮኖችም ገቡ። ኖርዌጂያኖች በ1948 መጥተው ሲዳሞና ገሙ ጎፋ ሄዱ። አይስላንዶች በ1954 ኮንሶ ገቡ። ዴንማርኮች ባሌ፣ አሜሪካኖች በ1957 ወሎ ያዙ። እያንዳንዱ የራሱ ገንዘብ፣ የራሱ ልማድ፣ የራሱ ክልል ነበረው። የአገር መሪዎች ይህን አይተው ተው አሉ። የተከፋፈለ የሚስዮን ማሳ አንሆንም፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን እንሆናለን።

ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሆነው ይህ ነው። አራት ሲኖዶሶች፣ ማለትም የየአካባቢው ማኅበረ ምእመናን ኅብረቶች፣ አንድ ሕገ ደንብ ተቀብለው አንድ ሆኑ። ስም ሲፈለግ የአዲስ አበባው ማኅበረ ምእመናን ስም ለሁሉም ሆነ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ቄስ አማኑኤል ገብረ ሥላሴ ሆኑ፤ በጣሊያን ዘመን ጉባኤውን ይዘው የቆዩት እኚያው ሰው። ማንም ከውጭ አልተሾመም። በ1963 ዶክተር አማኑኤል አብርሃም ተተኩ፤ እስከ 1985 መሩ። አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነው መንግሥትን ያገለገሉ፣ በቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ የሆኑ ሰው ነበሩ። በመካኒሳ የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ በ1960 ተከፈተ።

በ1963 ቤተ ክርስቲያኗ የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን አባል ሆነች። በዚያው ዓመት፣ የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ፌዴሬሽኑ አዲስ አበባ ላይ «የወንጌል ድምፅ» ሬዲዮን ከፈተ። ከአፍሪካ እስከ እስያ ይሰማ ነበር። በ1962 የተጀመረው የምሥራች ድምፅ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ብዙ ገበሬና የቤት እመቤት ፊደል አስቆጠረ። በየገጠሩ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን የተማሩ ሰዎች ዛሬም አሉ። ስለ ሬዲዮው ብዙ ይወራል፤ እኔ ግን ለመሠረተ ትምህርቱ አደላለሁ።

ጉዲና ቱምሳ

ጉዲና በ1929 ቦጂ ተወለዱ። ወጣት ሳሉ ነቀምቴ ሆስፒታል በድሬሰርነት፣ በሕክምና ረዳትነት፣ ሠሩ። በ1958 ቄስ ሆኑ። ከ1963 እስከ 1966 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሉተር ሴሚናሪ ተማሩ፤ ሲመለሱ የቤተ ክርስቲያኗ ዋና ጸሐፊ ሆኑ።

በ1972 ቤተ ክርስቲያኗ ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ጻፈች። ከኋላው የጉዲና ሐሳብ አለ። በዚያን ጊዜ የምዕራቡ ለጋሾች ለክሊኒክ፣ ለጉድጓድ፣ ለትምህርት ቤት ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ለወንጌል ሥራ ሲሆን ግን እጃቸውን ይሰበስባሉ። ደብዳቤው ይህን አልቀበልም አለ። ሰው ሥጋና ነፍሱ ተከፍሎ አይረዳም፤ ልማትና ወንጌል አብረው ይሄዳሉ አለ። ገንዘብ ተቀባዩ ለገንዘብ ሰጪው «አሠራርህ ልክ አይደለም» ሲለው ማየት በዚያ ዘመን የተለመደ አልነበረም። ፌዴሬሽኑ ጉዳዩን ወስዶ በ1974 ናይሮቢ ላይ መከረበት።

አብዮቱ መጣ። ደርግ የወንጌል ድምፅ ሬዲዮን መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ወረሰ። ጉዲና ከመንግሥት ጋር ለመነጋገር ሞከሩ፤ ቤተ ክርስቲያኗን የፖለቲካ መሣሪያ ለማድረግ ግን እንቢ አሉ። ሁለት ጊዜ ታሰሩ። ከአገር እንዲወጡ መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር፤ የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ሳይቀሩ ገብተውበታል። መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ዑራኤል ያለችው ቤተ ክርስቲያን አመሻሽ ላይ አገለገሉ። አገልግሎቱ አልቆ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ሲወጡ ሰዎች አገቷቸው። ባልና ሚስቱን ለያዩዋቸው። ወይዘሮ ፀሐይ በዚያች ሌሊት ተለቀቁ፤ ጉዲና አልተመለሱም። ዐፅማቸው የተገኘው ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1992 ነው። ወይዘሮ ፀሐይ ከ1980 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ፤ ተሠቃዩ። በዚያው በ1971 ዓ.ም. ክረምት የኦርቶዶክስ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገድለዋል። የሁለቱ ሞት በአንድ ክረምት መሆኑን ሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት አብረው ቢያስቡት እወዳለሁ።

ከዚያ በኋላ በተለይ ወለጋ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጸሎት ቤቶች ተዘጉ። የአዲስ አበባው ዋና ጽሕፈት ቤት በ1981 ተወሰደ። ሰው ግን አልተበተነም። በየቤቱ፣ መጋረጃ ተጋርዶ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ተዘመረ። ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በወጣቶች መካከል የተነሣው የመንፈስ ቅዱስ መነቃቃት በዚህ ጊዜ ሰፋ። መሪዎቹ በ1976 ተቀምጠው መከሩበትና ከቤት አላስወጡትም፤ ሥርዓተ አምልኮውን ይዞ እጁን አንሥቶ የሚጸልይ ሉተራዊ የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው። የቤተ ክርስቲያኗ ቁጥር ያበጠውም በስደቱ ዘመንና ከስደቱ ማግስት ነው።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ

ደርግ ሲወድቅ የተዘጋው ተከፈተ። ጸሎት ቤቶች በዙ፤ ሲኖዶሶች ተበራከቱ። የሆሳዕና መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት፣ የዓይራ ሆስፒታል፣ የልማትና ማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚሽኑ ሥራዎች የብዙ ሰው ሕይወት ውስጥ ገብተዋል። ሴቶች ቄስ እንዲሆኑ በ1997 ተወሰነ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ተሾሙ።

ሁሉም አልጋ ባልጋ አልነበረም። በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የኦሮምኛ አምልኮ ጉዳይ ክርክር አስነሣ፤ ክርክሩ ወደ መለያየት ደረሰ። መታረቅ ብዙ ዓመት ወሰደ። የአናሲሞስንና የአስቴርን መጽሐፍ የምታከብር ቤተ ክርስቲያን በቋንቋ መጣላቷ ያሳዝነኛል። በ2013 ደግሞ ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካው የወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ኅብረት አቋረጠች። ምክንያቱ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ነበር። ስዊድኖቹ ከመጀመሪያው አብረዋት የደከሙ ናቸው፤ ውሳኔው ቀላል አልነበረም። ግን በ1972 የጀመረው ቀጥ ብሎ የመናገር ልማድ እዚህም ይታያል።

ኢዮቤልዩ እንዴት ይከበራል? የአንድ ማኅበረ ምእመናን በዓል ሲደርስ መዘምራን ወራት ቀድመው ልምምድ ይጀምራሉ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጥቅስ ያጠናሉ። ነጭ የለበሱ እናቶች ከፊት ይቀመጣሉ። ከመሥራቾቹ በሕይወት ያለ ሽማግሌ ካለ ወደ መድረክ ተደግፎ ይወጣል፤ መጀመሪያ የተሰበሰቡበትን ቤት ያስታውሳል፣ ስም ይጠራል። የምስጋና መባ ይሰበሰባል። የበዓል መጽሔት ይታተማል፤ ውስጡ የፕሬዚዳንቱ መልእክት፣ የግንባታው ፎቶ፣ የሚስዮናውያኑ ስም ዝርዝር አለ። የቦጂው ካህን፣ የእምኩሉዋ ልጅ፣ በጣሊያን ዘመን ያለ ደመወዝ ያገለገሉት ሽማግሌዎች ግን ብዙ ጊዜ አንድ አንቀጽ ብቻ ይደርሳቸዋል።

ዛሬ የመካነ ኢየሱስ ልጆች በውጭም አሉ። በሚኒሶታ፣ ጉዲና በተማሩበት ግዛት፣ በኦሮምኛ የሚያመልኩ ሉተራን ጉባኤዎች አሉ፤ በጀርመንና በስካንዲናቪያም ምእመናን ይሰበሰባሉ። አንዳንዶቹ የሚያመልኩት በአገሬው ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ጠዋት የባለቤቶቹ አምልኮ ይሆንና ከሰዓት የእነሱ ተራ ይመጣል። የስዊድን ሚስዮናውያን ምጽዋ ከወረዱ ከ150 ዓመት በላይ ሆኗል። አሁን መንገዱ ወደዚያም ወደዚህም ነው። 75ኛው ኢዮቤልዩ በ2026 ዓ.ም. ሲደርስ መጽሔቱን የሚያዘጋጁት ሰዎች ከወዲሁ በየሲኖዶሱ ያሉ አዛውንቶችን ቀርበው ቢያነጋግሩ፣ በ1930ዎቹ ዓ.ም. በልጅነታቸው ያዩትን የሚያስታውሱ ሰዎች ቁጥር በየዓመቱ እየቀነሰ ነውና ጊዜው ሳያልፍ ይደርሳሉ።